በአክሊሉ ላይ የምትጠፋው ኮከብ

ኮከብ በአማርኛችን የዕድል ስም ነው። ሁለት ሰዎች ሲስማሙ «ኮከባቸው ገጠመ» ይባላል፤ ትዳር ያልሰመረለት ሰው «ኮከባቸው አልገጠመም» ተብሎ ይታዘንለታል። ዐውደ ነገሥት የሚገልጠውም ሆነ ፍቅረኛውን በኮከብ የሚመስለው ገጣሚ፣ ሁለቱም ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጡት ስለ ምድር ለመናገር ነው። እኔም ግጥም እሞካክራለሁና ከዚህ ልማድ ነጻ አይደለሁም። ነገር ግን በታሪክ ውስጥ ጥያቄውን የገለበጡ ሰዎች ነበሩ፤ ኮከቡ ስለ እኛ ምን ይላል ማለትን ትተው፣ ኮከቡ ራሱ ማን ነው ብለው የጠየቁ።

ዛሬ ለውድ አንባብያን ላወጋ የፈለግሁት የአንዲት ኮከብንና የጥቂት ዘመዶቿን ታሪክ ነው። ኮከቢቱ የምትገኘው ሰሜናዊ አክሊል በሚባለው፣ ግማሽ ቀለበት ሠርተው በተደረደሩ ከዋክብት መካከል ነው። የሊቃውንቱ መዝገብ «አር ኮሮና ቦሪያሊስ» ይላታል፤ የአክሊሉ አር እንደ ማለት ነው። ለዓመታት በጸጥታ ታበራለች። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መደብዘዝ ትጀምራለች፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከዓይን ትሰወራለች። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ፣ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

ይህን ምስጢር ለመፍታት ከ200 ዓመት በላይ ፈጅቷል። የፈታውም አንድ ሊቅ ብቻውን አይደለም። ሁለት ዓይነት ትዕግሥት ተጋግዘው ነው የፈቱት፤ ሳይታክቱ የመጠበቅ ትዕግሥትና ሳይቸኩሉ የመመርመር ትዕግሥት። ታሪኩን በቅደም ተከተል እንየው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

* * *

ነገሩ የሚጀምረው በሰሜን እንግሊዝ ዮርክ በምትባል ከተማ፣ በ1780ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛው ኤድዋርድ ፒጎት ይባላል፤ አባቱም ኮከብ ተመልካች ስለ ነበሩ ሙያውን ከቤቱ የተማረ ሰው ነው። ሁለተኛው ጆን ጉድሪክ፣ በሕፃንነቱ በያዘው ሕመም ምክንያት መስማት የተሳነው፣ ገና የ17 ዓመት ወጣት ነበር። ሰማይን ለማንበብ ጆሮ አያሻም። ሁለቱ ወዳጆች ማታ ማታ በየመስኮታቸው ሆነው ከዋክብትን ይመለከታሉ፤ ያዩትንም ይለዋወጣሉ።

በ1782 ጉድሪክ አልጎል የምትባለውን ኮከብ ሲከታተል በተወሰነ ሰዓት እየደበዘዘች እንደምትመለስ አየ። ደግሞ ደጋግሞ ጠበቃት። የመደብዘዟ ዙር 2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ያህል ሆኖ ተገኘ። ምናልባት ጨለማ አካል እየዞረ ይጋርዳት ይሆናል ሲልም ግምቱን አስቀመጠ። በ1783 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳልያ ሸለመው፤ ገና ለጋ ወጣት ነበር። በሚያዝያ 1786 የዚሁ ማኅበር አባል ሆኖ በተመረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በ21 ዓመቱ ዐረፈ።

ግምቱ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠው ከሞተ ከ100 ዓመት በኋላ ነው። በ1889 ጀርመናዊው ሄርማን ፎግል የአልጎልን ብርሃን በመስታወት በትኖ መረመረ። ኮከቢቱ ከግርዶሹ በፊት ከእኛ ስትሸሽ፣ ከግርዶሹ በኋላ ደግሞ ወደ እኛ ስትቀርብ ከብርሃኗ ላይ አነበበ። እንዲህ የምትመላለሰው በእርግጥ አንድ የማይታይ ጓደኛ ስላላት ነው። የወጣቱ ዓይን የጠረጠረውን የብርሃኑ ምርመራ ፈረመበት። የዚህ ጽሑፍ ታሪክ በሙሉ በዚህች አንዲት ምሳሌ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ መጠበቅ፣ ቀጥሎ መመርመር።

ፒጎት ወዳጁን ካጣ በኋላም ሰማይን አልተወም። በ1795 በሰሜናዊ አክሊል ውስጥ ያለችውን ኮከባችንን ስትጠፋ ያያትም እርሱ ነው፤ ግኝቱን በ1797 በሮያል ሶሳይቲ መጽሔት አሳተመ። እንደ አልጎል ሰዓት ትጠብቅ ይሆናል ብሎ የጠበቃት ሁሉ ግን አፈረ። ይህች ኮከብ ቀጠሮ የላትም። ለአሥር ዓመት ሳትደበዝዝ ልትቆይ ትችላለች፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ደጋግማ ልትወድቅ ትችላለች።

የውድቀቷን ልክ ለመረዳት የኮከብ ተመልካቾችን መስፈሪያ ማወቅ ያሻል። እነርሱ ድምቀትን በደረጃ ይለካሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ ይቀንሳል። ንጹሕ ሰማይ ያገኘ ጤነኛ ዓይን ሊያይ የሚችለው እስከ 6ኛው ደረጃ ድረስ ነው። ኮከባችን በደኅናው ጊዜ በዚያው በ6ኛው ደረጃ አካባቢ ትቀመጣለች፤ ስትወድቅ እስከ 14ኛውና 15ኛው ትወርዳለች። ይህ ማለት ወደ እኛ የሚደርሰው ብርሃኗ በሺዎች እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። ደማቅ ፋኖስ በአንድ ጊዜ የከሰል ፍንጣሪ ሲሆን ማየትን ያህል ነው።

* * *

ቀጠሮ የሌላትን ኮከብ ለመጠበቅ ብዙ ዓይን ያስፈልጋል። ይህን በሚገባ የተረዳው የቦኑ ሊቅ ፍሪድሪክ አርጌላንደር ነበር። በ1844 ለሰማይ ወዳጆች ሁሉ ጥሪ አቀረበ። የጥሪው መንፈስ እንዲህ ነው፦ ባለሙያዎች ጥቂት ነን፣ ተለዋዋጭ ከዋክብት ግን ብዙ ናቸውና፣ ሌላ ሥራ ያላችሁ ሰዎች በትርፍ ጊዜያችሁ ተመልከቱ፣ ጻፉ፣ ላኩልን። ዛሬ ተለዋዋጭ ከዋክብት የሚሰየሙበትን፣ ከአር ፊደል የሚጀምረውን ሥርዓት ያወጣውም እርሱ ነው።

ጥሪው መልስ አገኘ። ከዚያ ዘመን ወዲህ ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ ወታደሩ፣ ቄሱ፣ ቀን ቀን የየራሱን እንጀራ ሲጋግር ውሎ ማታ ከቤቱ ደጃፍ የአንዲት ኮከብን ድምቀት ይመዘግብ ጀመር። በ1911 የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ሲቋቋም ይህ ልማድ ቋሚ ቤት አገኘ። የአክሊሉ ኮከብ የድምቀት መዝገብ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንሥቶ እስከ ዛሬ የተያያዘ ነው። አባት ሲያርፍ ልጅ፣ መምህር ሲያረጅ ተማሪ እየተቀባበሉት የጻፉት አንድ ረጅም የሌሊት ዜና መዋዕል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ዳሩ ግን መዝገቡ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነግረን፤ መቼና ምን ያህል። ለምን የሚለውን አይመልስም። ኮከብ በብዙ ምክንያት ሊደበዝዝ ይችላል። ሌላ ኮከብ ሊጋርደው፣ አካሉ ሊያብጥና ሊኮማተር፣ በመካከል የአቧራ ደመና ሊያልፍ ይችላል። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም ያው መጥፋት ነው። ስለዚህ ታሪካችን ከዓይን ወደ መስታወት ይሻገራል።

* * *

የፀሐይ ብርሃን በሦስት ማዕዘን መስታወት ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ይበተናል። ጀርመናዊው የመነጽር ሠሪ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 ይህን ቀስተ ደመና አጥብቆ ሲመለከት በቀለማቱ መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቋቁር መስመሮች አየ። በ1859 ኪርኾፍና ቡንሰን የመስመሮቹን ፊደል ፈቱት። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በብርሃን ላይ የራሱን መስመሮች ያትማል፤ ሶዲየም የራሱን፣ ብረት የራሱን፣ ሃይድሮጅን የራሱን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮከብ ብርሃን የሚነበብ ደብዳቤ ሆነ። ስፔክትሮስኮፒ የሚሉት ጥበብ ይኸው ነው።

ይህን ደብዳቤ በብዛት ማንበብ የጀመሩት በአሜሪካ የሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ሴቶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ዊሊያሚና ፍሌሚንግ ትጠቀሳለች። ከስኮትላንድ ተሰድዳ አሜሪካ እንደ ገባች ባሏ ጥሏት ሄደ፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። በኦብዘርቫቶሪው ኃላፊ በኤድዋርድ ፒከሪንግ ቤት የቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። በ1881 ፒከሪንግ ወደ ኦብዘርቫቶሪው ሥራ አዛወራት። በቴሌስኮፑ ፊት መስታወት እየተደረገ ፎቶ ሲነሣ፣ በአንድ የብርጭቆ ሰሌዳ ላይ የብዙ ከዋክብት ብርሃን ተበትኖ ይታተማል። ፍሌሚንግ እነዚህን ሰሌዳዎች በማጉያ መነጽር እያየች፣ እንግዳ መስመር ያለውን ኮከብ ትለያለች፤ ከዚያም የቀድሞ ዓመታት ሰሌዳዎችን እያወጣች ድምቀቱ ተለውጦ እንደ ሆነ ታመሳክራለች። በዚህ መንገድ በሕይወት ዘመኗ ከ300 በላይ ተለዋዋጭ ከዋክብትን አገኘች። አልጎል መጀመሪያ ታየች፣ ኋላ ተመረመረች፤ ፍሌሚንግ ደግሞ መጀመሪያ መርምራ ኋላ ጠበቀች። መንገዱ ከሁለቱም ጫፍ ይሄዳል።

የአክሊሉ ኮከብ ደብዳቤም በተራው ተነበበ። በ1906 በፖትስዳም የነበረው ሃንስ ሉደንዶርፍ (የጄኔራሉ የኤሪክ ሉደንዶርፍ ታናሽ ወንድም ነው) አንድ ያልተለመደ ነገር አስተዋለ፤ በብርሃኗ ላይ መኖር የነበረበት የሃይድሮጅን መስመር የለም።

በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። እኔ የዕለት እንጀራዬ ባንክ ቤት ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የሚያስጨንቀን የተጻፈው አይደለም፤ ሊጻፍ ሲገባው ያልተጻፈው ነው። የተጻፈ ስሕተት ራሱን ያሳያል። የጎደለ መስመር ግን የሚታየው ምን መኖር እንደ ነበረበት አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሉደንዶርፍ የጎደለውን አየ፤ የጉድለቱን ታላቅነት ለመረዳት ግን ዘመኑ ገና አልደረሰም ነበር። ምክንያቱም በ1906 ሊቃውንቱ ከዋክብት ከምድር ጋር ተመሳሳይ በሆነ ነገር የተሠሩ ይመስሏቸው ነበር።

ይህን እምነት ያፈረሰችው ሲሲሊያ ፔይን ናት። ከእንግሊዝ አገር መጥታ በሃርቫርድ ስትሠራ፣ በ1925 ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት፣ ሕንዳዊው መግናድ ሳሃ ባወጣው ቀመር እየተመራች የከዋክብትን ደብዳቤ እንደ ገና አነበበች። ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን ናቸው የሚል ውጤት አገኘች። በዘመኑ ታላቅ ስም የነበረው ሄንሪ ኖሪስ ራስል ይህ ሊሆን አይችልም አላት። እርሷም በጥናቷ ላይ ውጤቱ እውነት እንዳይመስል አድርጋ ለመጻፍ ተገደደች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1929፣ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ተጉዞ እርሷ ከደረሰችበት ደረሰ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የአክሊሉ ኮከብ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስደንቅ አስቡት። የሰማይ ከዋክብት ሁሉ ሃይድሮጅን ሞልቷቸው ሳለ ይህች አንዲት ግን ባዶዋን ናት። ዱቄት የሌለበት እንጀራ እንደ ማለት ነው። በ1935 ሉዊስ በርማን የተባለ ሊቅ ብርሃኗን በዝርዝር መርምሮ በውስጧ ካርቦን ከመጠን በላይ እንዳለ አሳየ። ካርቦን ማለት ከሰሉ፣ ጥላሸቱ፣ በወጥ ቤታችን ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው ጥቀርሻ ነው።

መልሱም ከዚያው ከጥቀርሻው መጣ። በ1934 ኤውጄኒዮ ሎሬታ የተባለ የቦሎኛ ከተማ ሰው፣ እርሱም በፍቅር ብቻ ሰማይን የሚመለከት አማተር፣ ኮከቢቱ የምትጠፋው ራሷ በምትተፋው የካርቦን ጢስ ተሸፍና ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1939 አሜሪካዊው ጆን ኦኪፍ ነገሩን በፊዚክስ ስሌት አጠናከረው። ከኮከቢቱ የወጣው የካርቦን ጋዝ ርቆ ሲቀዘቅዝ ወደ ጥቀርሻ ይለወጣል። ደመናው በእኛና በእርሷ መካከል የተፈጠረ እንደ ሆነ ትሰወርብናለች፤ በሌላ ጎኗ ከሆነ ግን ምንም አናይም። ከዚያ የብርሃኑ ግፊት ጥቀርሻውን እየገፋ ይበትነዋል፤ ኮከቢቱም እንደ ገና ትገለጣለች። እንግዲያስ የጠፋች ስትመስለን አልጠፋችም። ያው እንደ ወትሮዋ እየነደደች ነው፤ የጋረዳት የገዛ ጢሷ ነው።

* * *

ጥያቄው ግን አላለቀም። እንዲህ ያለ ኮከብ ከየት ይመጣል? ሃይድሮጅኑንስ ምን በላው? ይህን ለመመለስ አንዲት ኮከብ አትበቃም፤ ቤተ ዘመዱን መጥራት ያስፈልጋል። ቤተ ዘመዱ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። ከፒጎት ዘመን 200 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ የሚታወቁት የእርሷ ቢጤዎች አርባ እንኳ አይሞሉም ነበር። የእኛ ፍኖተ ሐሊብ ከመቶ ቢሊዮን በላይ ከዋክብት እንዳሉት እያሰባችሁ ቁጥሩን መዝኑት።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያልታሰበ መንገድ ይይዛል። በ1986 ፖላንዳዊው ቦህዳን ፓቺንስኪ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በሰማይ ውስጥ የማይታይ ጨለማ አካል ካለ፣ በአንድ ሩቅ ኮከብ ፊት ሲያልፍ በስበቱ ብርሃኑን አጥፎ ለጥቂት ጊዜ ያደምቀዋል። ይህን ለማየት ሚሊዮኖችን በአንድ ላይ በየሌሊቱ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሰማይ አሰሳ የሚባለው ዘመን ተከፈተ። ማቾ የተባለው ቡድን ከ1992 እስከ 1999 ከአውስትራሊያ፣ ኦግል የተባለው የፖላንዶች ቡድን ከ1992 ጀምሮ ከቺሊ፣ ኤሮስ የተባለው የፈረንሳዮች ቡድንም እንዲሁ ከቺሊ፣ በማሽን ዓይንና በኮምፒውተር መዝገብ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብትን ተከታተሉ። አርጌላንደር የተመኘው የብዙ ዓይን ጥበቃ በሌላ መልክ መጣ።

ማቾ ይሠራበት የነበረው ቴሌስኮፕ የራሱ ታሪክ አለው። በ1868 ደብሊን ውስጥ ተሠርቶ ወደ ሜልበርን የተላከ፣ በዘመኑ ከታላላቆቹ የሚቆጠር መሣሪያ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በካንቤራ አጠገብ በሚገኘው በስትሮምሎ ተራራ ላይ አዲስ የኤሌክትሮኒክ ዓይን ተገጠመለት። በጥር 18 ቀን 2003 የሰደድ እሳት ተራራውን ሲበላው ይህም ቴሌስኮፕ አብሮ ነደደ። መሣሪያው ተቃጠለ፤ መዝገቡ ግን ተረፈ።

አሰሳዎቹ የጨለማውን አካል እንደ ተመኙት አላገኙትም። የፈለጉት በድንገት የሚደምቀውን ነበር፤ በመዝገባቸው ውስጥ ግን በድንገት የሚደበዝዙትም አብረው ተጽፈው ነበር። የማቾ ሰዎች በማጄላን ደመናዎች፣ ማለትም በፍኖተ ሐሊብ ጎረቤቶች ውስጥ፣ የአክሊሉን ኮከብ ዘመዶች አገኙ፤ ውጤታቸውንም በ1996 እና በ2001 አሳተሙ። በኤሮስ ቡድን ውስጥ ያደገው ፈረንሳዊው ፓትሪክ ቲሰራንድ ደግሞ የሥራ ዘመኑን ለእነዚህ ስውራን ፍለጋ ሰጠ።

የአፈላለጉ ነገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ ከሚሊዮኖቹ መዝገብ መካከል በድንገት ወድቀው በዝግታ የሚመለሱትን ይለያል። እነዚህ ዕጩዎች ናቸው እንጂ ተመራጮች አይደሉም። ከመካከላቸው አስመሳይ ብዙ ነው። በዕድሜያቸው ማብቂያ አብጠው አቧራ የሚተፉ፣ ሃይድሮጅናቸው ግን ሙሉ የሆነ ከዋክብት በመዝገብ ላይ እነርሱን ይመስላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕጩ ለየብቻው ወደ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይቀርባል፤ ብርሃኑም ተበትኖ ይነበባል። የካርቦን ምልክት አለ? የሃይድሮጅን መስመር ጠፍቷል? ካርቦንና ሃይድሮጅን ተጣምረው የሚያትሙት ምልክትስ? የመጀመሪያው ኖሮ ሁለቱ ሲጠፉ ብቻ ኮከቡ ከቤተ ዘመዱ ይቆጠራል።

ኮከቡ እስኪወድቅ መጠበቅ ዓመታት ስለሚፈጅ ሌላ ብልሃትም ተገኘ። ጥቀርሻ የኮከቡን ብርሃን ይጋርዳል፤ የጋረደውን ግን ውጦ አያስቀረውም፤ ይሞቅና ሙቀቱን መልሶ ያወጣዋል። በዓይን የማይታየውን፣ ኢንፍራሬድ የሚባለውን የሙቀት ብርሃን የሚያይ መሣሪያ ካለ፣ ኮከቡ በሙሉ ድምቀቱ ሳለ እንኳ በዙሪያው ያለውን ጥቀርሻ ያያል። በታኅሣሥ 2009 ወደ ጠፈር የመጠቀው ዋይዝ የተባለው የናሳ ቴሌስኮፕ መላውን ሰማይ በዚህ ብርሃን ቃኘ። ቲሰራንድና ባልደረቦቹ ከዚያ መዝገብ ትክክለኛው ዓይነት ሙቀት ያላቸውን እየመረጡ፣ ወደ 500 የሚጠጉትን በአብዛኛው በአውስትራሊያ ሳይዲንግ ስፕሪንግ በሚገኘው ባለ 2.3 ሜትር ቴሌስኮፕ አንድ በአንድ መረመሩ። በጥር 2013 በዚያም ተራራ ላይ ሰደድ እሳት ተነሥቶ ነበር፤ ይህኛው ቴሌስኮፕ ግን ተረፈ።

የልፋቱ ዋጋ በ2020 ታተመ። 45 አዳዲስ ከዋክብት ተገኙ፤ 40 በፍኖተ ሐሊብ፣ 5 በማጄላን ደመናዎች። የቤተ ዘመዱ ቁጥርም 147 ደረሰ። ከተገኙት በመነሣት በተሠራው ግምት መሠረት፣ በመላው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ የዚህ ወገን ከዋክብት ከ500 አይበልጡም። በ2022 ደግሞ ይኸው ቡድን ሃይድሮጅን የሌላቸው፣ ነገር ግን ጥቀርሻ የማይለብሱ 27 ከዋክብትን አገኘ። እነዚህ ስለማይደበዝዙ የድምቀት መዝገብ ብቻውን በጭራሽ አያጋልጣቸውም ነበር። የለያቸው የብርሃናቸው ደብዳቤ ነው።

* * *

ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ፣ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካው ነው።

እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ ተኮማትሮ፣ ምድራችንን የሚያህል ትንሽ ትኩስ አስክሬን ይሆናል፤ ነጭ ድንክ ይሉታል። ሁለት ኮከቦች ተጣምረው የሚዞሩ ከነበሩ፣ በመጨረሻ ሁለት ነጭ ድንኮች ሆነው መዞራቸውን ይቀጥላሉ። አንደኛው ከሂሊየም፣ ሁለተኛው ከካርቦንና ከኦክስጅን የተሠራ ይሆናል። እየዞሩ እየተቀራረቡ ሄደው አንድ ቀን ይዋሐዳሉ። በውሕደቱ ሙቀት እሳት እንደ ገና ይነሣል፤ ሁለቱ ሙታን አብጠው አንድ ሕያው ኮከብ ይሆናሉ። ሃይድሮጅናቸውን በመጀመሪያው ሕይወታቸው ስለ ጨረሱት በሁለተኛው አይገኝባቸውም።

ይህ ሐሳብ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይነገር ነበር፤ ተፎካካሪም ነበረው። ብቻውን ያለ ኮከብ ሊሞት ሲል ለመጨረሻ ጊዜ ተንቦግቡጎ ነው የሚሉ ነበሩ። ሚዛኑን ያደላው አሁንም የብርሃኑ ደብዳቤ ነው። በ2007 ጄፍሪ ክሌይተንና ባልደረቦቹ በእነዚህ ከዋክብት ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መረመሩ። በፀሐይ ውስጥ ኦክስጅን 16 የተባለው ዓይነት ኦክስጅን 18 ከተባለው 500 እጥፍ ያህል ይበዛል። በእነዚህ ከዋክብት ውስጥ ግን ሁለቱ እኩል ለእኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። እንዲህ ያለ ኦክስጅን 18 የሚገኘው ሂሊየም በልዩ ሁኔታ ሲነድ ነው፤ ያም ሁኔታ በሁለት ነጭ ድንኮች ውሕደት ጊዜ ይፈጠራል። ነጠላ ኮከብ ሲንቦገቦግ ይህ አይገኝም። የጋብቻው የምስክር ወረቀት ተገኘ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ይህ በታተመበት በዚያው በ2007 ዓመት የአክሊሉ ኮከብ ራሷ ወደቀች። ከተመዘገቡት ውድቀቶቿ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። እስከ 15ኛው ደረጃ ወርዳ፣ ወደ ቀድሞ ድምቀቷ የተጠጋችው በ2014 መጨረሻ አካባቢ ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ውስጥ በየሌሊቱ ወጥተው ባዶ ቦታ ያዩና «የለችም» ብለው የጻፉ ሰዎች ነበሩ። ያ «የለችም» የሚለው ቃል ዛሬ እንደ ማናቸውም ልኬት የሚጠቅም ማስረጃ ሆኖ ተቀምጧል።

አሁን የሰማይ ጥበቃው እየሰፋ ነው። በቺሊ የተተከለው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ በሰኔ 2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን አሳይቷል፤ ዕቅዱም ለ10 ዓመት የደቡቡን ሰማይ በየጥቂት ሌሊቱ እየደጋገመ ማንሣት ነው። ዕጩዎች እንደ ጎርፍ ይመጣሉ። መርማሪ መስታወት ግን ያን ያህል የለም። በዚህ ምክንያት መካከለኛ መጠን ያላቸው ቴሌስኮፖች ዋጋቸው አልቀነሰም። በእኛም አገር በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በ2015 የተመረቁ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። ደማቅ ኮከብን ተከታትሎ ለመመዝገብ ይህ መጠን ያንሳል አይባልም።

ቴሌስኮፕ የሌለን ደግሞ ግንቦት አለን። ክረምቱ ሰማዩን ሳይዘጋው፣ በግንቦት ምሽቶች፣ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዙሩ። ግማሽ ቀለበት የሠሩ ከዋክብት ታያላችሁ፤ ያ አክሊሉ ነው። ከመብራት ርቃችሁ ተራ የእጅ መነጽር ብትይዙ፣ በቀለበቱ ውስጥ አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ታገኛላችሁ፤ ወይም አታገኙም። ከ4,000 የብርሃን ዓመት በላይ ርቃለችና፣ የምታዩት ብርሃን ከእርሷ ሲነሣ አክሱም ገና አልተመሠረተችም ነበር። ካላገኛችኋት «የለችም» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። ከፒጎት ጀምሮ የመጣው ሥራ ይኸው ነው።

ገጣሚ ነኝ ባይ የጻፈው ጽሑፍ ያለ ስንኝ አይዘጋምና፣ እነሆ፦

ነደደች፣ አጤሰች፣ ጥቀርሻ ለበሰች፤
ጠፋች ሲሏት ቆይታ ደግሞ ተመለሰች።
ላያት ሁሉ ሟች ናት፣ ለጠየቃት ኗሪ፤
ብርሃን ነው ቋንቋዋ፣ ጥላም ተናጋሪ።